ሚስማር የያዘ አፍ

ፍሬም ስገጥም ሚስማሮቹን በከንፈሬ ነው የምይዛቸው። ኪሴ ውስጥ ብከታቸው ይወጉኛል፤ ጠረጴዛው ላይ ባስቀምጣቸው ከመስታወት ስብርባሪ ጋር ይቀላቀላሉ። ሌላ እጅ ደግሞ የለኝም፤ አንዱ መዶሻ፣ አንዱ እንጨት ይዟል። አባቴም እንደዚሁ ነበር የሚይዛቸው፤ የእሱም አባት። አክስቴ፣ "አንድ ቀን ትውጪውና ሆድሽ ውስጥ ሥዕል ትሰቅያለሽ" ትለኛለች። ግን አትከለክለኝም። እኔ ዝም የምለው አፌ ሚስማር ሲይዝ ብቻ እንደሆነ አሳምራ ታውቃለች።

ቤታችን ከፊት ሱቅ፣ ከኋላ መኖሪያ ነው። መካከሉን የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው። ከመጋረጃው ወዲህ መስታወት እንቆርጣለን፣ የሰው ፎቶ ፍሬም ውስጥ እናስገባለን፣ የተሰበረ መስኮት እንተካለን። ከመጋረጃው ወዲያ እንበላለን፣ እንተኛለን፣ እንጨቃጨቃለን። እናቴ የሞተችው እኔ አፍ ሳልፈታ ነው፤ ያሳደገችኝ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ትምህርቱን ስድስተኛ ላይ ተውኩት፤ ትምህርቱም ብዙ አልለመነኝም። አባቴ "ፌንጣ" ይለኛል። አንድ ቦታ ተቀምጬ አላውቅማ።

በዚህ ቤት ጠዋት ጠዋት የብረቱ መዝጊያ ሳይከፈት የመቁረጫው ጠረጴዛ ዙሪያ እንቆማለን። ጠረጴዛው ላይ ብርድ ልብስ ተነጥፎበታል፤ መስታወቱ እንዳይጫር ነው። ሁላችንም መዳፋችንን እላዩ ላይ እናደርጋለን፤ ከዚያ አባቴ አያቴ የደረሰውን ጸሎት ይላል። አያቴ መስታወት ቆራጭ እንጂ የቤተክርስቲያን ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ጸሎቱ አጭር ነው።

"ብርሃንን የፈጠርክ ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ብርሃንህን አትንሳን። ለተጠማ ውሃ፣ ለተራበ ምግብ ስጥ። እጃችንን ከስለት፣ አፋችንን ከክፉ ቃል ጠብቅ። በአፋችን ያቆሰልነውን አንተ ፈውስ፤ እኛንም ይቅር በለን። የሄደውን በሰላም መልስ፤ የቀረውን ጠብቅ። በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።"

ይኸው ነው። ጥርሴን ሳላበቅል ጀምሮ ስሰማው ስለኖርኩ አንድም ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። ለእኔ ጸሎት ማለት መዝጊያው ከመከፈቱ በፊት ያለው ጩኸት ነበር፤ ከዚያ የመዝጊያው ጩኸት ይከተላል።

አንድ ሕግ ደግሞ አለ። አያቴ ነው ያወጣው፤ የተጀመረ ጸሎት አይቋረጥም። የጀመረው ሰው ቢያስነጥሰው፣ ቢረሳው፣ ስልክ ቢጮህበት፣ አጠገቡ ያለው ተቀብሎ እስከ አሜን ያደርሰዋል። ሜዳ ላይ የተተወ ጸሎት መስታወትን ግማሽ ድረስ ቆርጦ እንደ መተው ነው ይል ነበር አሉ። መስታወት ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ በአንድ ትንፋሽ ነው የሚቆረጠው። መሃል ላይ ካቆምክ በፈለገው በኩል ይሰነጠቃል፤ በዚያው ጭረት ላይ ከደገምክበት ደግሞ ይፈርሳል።

አሁን ስለ ወንድሜ ልናገር። ታላቄ ነው፤ "ጋሼ" ነው የምለው። እጁ ከአባቴ እጅ ይበልጣል፤ ይህን አባቴ ራሱ ለደንበኛ ሲናገር ሰምቻለሁ፤ እሱ ሲሰማ ግን አይናገርም። ጋሼ አገባ፣ ወንድ ልጅ ወለደ። ሕፃኑ ሳቂታ ነበር፤ እኔን ሲያይ ምን እንደሚያስቀው እንጃ። መራመድ ሲጀምር ትኩሳት ያዘውና ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም።

ከቀብር ተመልሰን እዚሁ ቤት ተቀመጥን፤ ሰው ሞልቷል። ጋሼ ጫማውን እያየ ነበር። አባቴ ድንገት፣ "ጠዋት ጠዋት ሳትጸልይ ትወጣ ነበር" አለው። "ሥራ ቸኮልኩ እያልክ፣ እጅህን እንኳ ጠረጴዛው ላይ ሳታሳርፍ። ጸልየህ ቢሆን ልጁ ይተርፍ ነበር።"

አባቴ ክፉ ሰው አይደለም። የልጅ ልጁ ሞቶበት፣ ሐዘኑን የሚጥልበት ቦታ ፈልጎ ይሆናል። ግን ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የተናገረው። ጋሼ ተነሳ፣ ከኪሱ የመስታወት መቁረጫውን አወጣ፣ ብርድ ልብሱ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ሚስቱ ተከተለችው። በዚያው ቀረ። በሌላ ሰፈር ለሕንፃ ሠሪዎች መስኮት ይገጥማል ሲሉ ሰማን። አባቴም አልተከተለውም። ጠዋት ጠዋት "የሄደውን በሰላም መልስ" ይልና መዝጊያውን ይከፍታል።

አባቴን የጣለው ስትሮክ ነው። ትልቅ የሱቅ መስኮት መስታወት አቅፎ ሳለ አፉ በአንድ በኩል ወረደ። ከሁሉ የሚገርመኝ መስታወቱን አለመልቀቁ ነው። በቀስታ ግድግዳው ላይ አስደገፈው፤ ከዚያ ራሱ ወደቀ። መስታወቱ አልተጫረም፤ በማግስቱ ባለቤቱ መጥቶ ወሰደው።

ሐኪሙ ቀኝ እጁና አንደበቱ ነው የተጎዳው አለን። "የምትሉትን ይሰማል፣ ይገባዋል። ቃል ፈልጎ ማውጣት ነው ያቃተው። ምናልባት ከልጅነቱ በቃሉ የያዘው ነገር ካለ፣ መዝሙርም ይሁን ቁጥር፣ እሱ እንደ ውሃ ሊወርድለት ይችላል። እንዳይገርማችሁ።"

ገረመን። ቤት አምጥተን ከመጋረጃው ወዲያ አልጋ ላይ ባስተኛነው ቀን እኔን አየኝና አፉን ከፈተ። ፌንጣ ሊለኝ ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። "ፌ" እንኳ አልወጣውም፤ አገጩ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ እንባ ሞላ። ከዚያ በድንገት፣ ጥርት ባለ በድሮ ድምፁ፣ "ብርሃንን የፈጠርክ ጌታ ሆይ" ብሎ ጀመረ።

አክስቴ መሬት ላይ ተንበረከከች። ተቀብላው እስከ አሜን አደረሰችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ ቀኑን ሙሉ ይጸልያል ተባለ። ወሬው ተሰማ። የቤተክርስቲያን ሴቶች ሁለትም ሦስትም እየሆኑ ይመጣሉ፤ አልጋውን ከበው ይቀመጣሉ። አባቴ "ብርሃንን የፈጠርክ" ብሎ ይጀምራል፤ እሱ ሲደክመው እነሱ ይቀበሉና በአንድ ድምፅ አሜን ይላሉ። አንዷ ዓይኗን እየጠራረገች፣ "ምላሱን እግዚአብሔር ለራሱ ብቻ አስቀረው" አለች። አክስቴ ደስ ብሏት ወንበር ከጎረቤት ተዋሰች።

አባቴ ግን ደስ አላለውም። ከአሜኑ በኋላ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። አንዳንዴ በግራ እጁ አንሶላውን ይመታል። "መንፈሱ ሲነካው ነው" ይላሉ። እኔም አሜን እያልኩ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

አንድ ቀን አክስቴ ቤተክርስቲያን ሄደች፤ አባቴን እንድጠብቅ የሥራ ሣጥኔን ይዤ አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። የሆነ ሰውዬ የሠርግ ፎቶ ነበር የምገጥመው። አፌ ሚስማር ሞልቷል። አባቴ ጀመረ።

"ብርሃንን የፈጠርክ ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ብርሃንህን አትንሳን። ለተጠማ ውሃ..."

ቆመ።

እኔ ልቀበለው ነበር፤ ግን በአፌ ሙሉ ሚስማር ምን ልበል? "ምምም" አልኩና መዶሻዬን አነሳሁ። ዝምታው ረዘመብኝና ቀና አልኩ። አባቴ ራስጌው ላይ ያለውን የውሃ ብርጭቆ ነበር የሚያየው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል።

ሚስማሮቹን መዳፌ ላይ ተፋኋቸው። ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠጋሁ። እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣና ራሱን ትራሱ ላይ ጣለ። አሜን አላለም። አንሶላም አልመታም።

ሌላ ምንም አላደረግኩም። ሚስማሮቹን አፌ ውስጥ መለስኳቸውና ጠበቅኩ። ቆይቶ እንደገና ከላይ ጀመረ፤ "ብርሃንህን" ላይ ሲደርስ ቆመ፤ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥኩለት። አሁንም ከላይ ጀመረ፤ "እጃችንን" ላይ ቆመ፤ የሞተው እጁ ከጎኑ ሥር ታጥፎ ተኝቶበት ነበር። አወጣሁለት።

ያቺ ጸሎት እንደ ደረጃ ነበረች። የሚፈልገው ቃል ላይ ለመድረስ ከታች ጀምሮ መውጣት አለበት፤ ዘሎ መያዝ አይችልም። እየወጣ፣ የፈለገው ቦታ ላይ ሲቆም፣ እኛ ከኋላው እየገፋን ጣሪያ ላይ እናደርሰው ነበር።

ለሽንት ቤት የሚሆን ቃል ግን አያቴ አላሰበበትም። እሱን በዓይኑ ይነግረኛል። ፌንጣ የሚል ቃልም የለበትም። ደጋግሜ በልቤ አልኩት፤ ከላይ እስከ ታች። የለሁበትም።

አክስቴ ስትመለስ ነገርኳት።

"ተይ አንቺ ልጅ" አለችኝ፣ ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች። "ጸሎት ነው እንጂ የአስተናጋጅ መጥሪያ አይደለም።"

"ውሃ ጠምቶት እኮ ነው።"

"እሱ ከፈጣሪው ጋር ነው የሚነጋገረው።"

"ከፈጣሪው ጋር እየተነጋገረ ውሃ ቢጠማውስ? ለተጠማ ውሃ ስጥ ነው የሚለው። ታዲያ ውሃውን ማን ያቀብለው? መልአክ? ብርጭቆው ያለው እኔ አጠገብ ነው።"

"ምላስሽን ሰብስቢ።"

"አክስቴ፣ አንቺ ምን ስትይ ነው የምትጸልዪው? ቃሉን ትሰሚዋለሽ ወይስ ልክ እንደ እኔ ነሽ?"

እንዲህ ዓይነት ነገር ለታላቅ አይባልም፤ አውቃለሁ። በነጠላ ጫማዋ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ፤ መምታቷ ነው። "የተጀመረ ጸሎት አይቋረጥም" አለችና ወደ ምድጃዋ ሄደች። እውነቷን ነው፤ ዕድሜ ልኳን የያዘችውን ሕግ ለእኔ ሚስማር ብላ አትጥልም።

ከዚያ ወዲህ ሰው በሌለ ሰዓት ሁሉ አጠገቡ ሆንኩ። እና አንድ ነገር አየሁ። ውሃው ተሰጥቶት፣ መጋረጃው ተገልጦለት፣ እጁ ተስተካክሎለት፣ በልቶም ቢሆን ይጀምራል። እየተንደረደረ ሁሉንም ያልፋል። "የሄደውን በሰላም መልስ" ይልና ቆሞ በሩን ያያል። እንደገና ይጀምራል። እዚያው ይቆማል። በሩን ያያል።

ሱቁን ዘግቼ ጋሼን ልፈልግ ወጣሁ። በአውቶቡስ ተሳፍሬ፣ ጠይቄ ጠይቄ፣ ገና ቀለም ያልነካው ሕንፃ ሥር አገኘሁት። መስኮት ላይ መስታወቱን የሚይዘውን ስቱኮ በአውራ ጣቱ እየጠቀጠቀ ነበር። ከስቷል።

"ሞተ?" አለኝ ገና ሲያየኝ።

"አልሞተም።"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ጠርቶህ ነው።"

"መናገር አይችልም አሉ እኮ።"

"አይችልም። ግን ጠርቶሃል።"

"ፌንጣ፣ ሥራ ላይ ነኝ።"

"እኔስ? በር ላይ ሰው መስታወት አሸክሜ ነው የመጣሁት። ደግሞ ይሄ ስቱኮ ተዛብቷል፤ አባዬ ቢያየው ያስፍቅህ ነበር።"

አውራ ጣቱን አየው፣ ስቱኮውን አየው። ሊስቅ ነበር፤ ተወው። "ሲመሽ ሥራ እጨርሳለሁ" አለ። ስቱኮውንም ፋቀው።

መጣም። ወደ ማምሻው፣ የሥራ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር። የእኔ ጥፋት ማንም እንዳይኖር አለማድረጌ ነው። አክስቴና ሁለት ሴቶች አልጋው ዙሪያ ነበሩ። ጋሼ መጋረጃውን ገልጦ ቆመ። አባቴ አየው። እንዲህ ያለ ዓይን አይቼ አላውቅም። በግራ እጁ አንሶላውን ጨብጦ ጀመረ፤ ፈጠነ፣ ቃላቱን እየረገጠ።

"...በአፋችን ያቆሰልነውን አንተ ፈውስ፤ እኛንም ይቅር በለን።"

ቆመ።

"የሄደውን በሰላም መልስ" ብለው ሦስቱም በአንድ አፍ ተቀበሉት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "የቀረውን ጠብቅ።" አባቴ አንሶላውን መታ። "በልጅህ በኢየሱስ ክርስቶስ ስም አሜን።" አንደኛዋ ሴት ወደ ጋሼ ዞራ፣ "አየህ ልጄ፣ አባትህ ለአንተ እየጸለየ ነው" አለችው።

የጋሼ ፊት ተዘጋ። መጋረጃውን ለቀቀና ወጣ።

መንገድ ላይ ሮጬ ደረስኩበት። እጁን ያዝኩት፤ ነጠቀኝ።

"ልጄን ቀብሬ ስመጣ ጸሎት" አለ፣ ሳይቆም። "ዛሬም ጸሎት። ሌላ ነገር የለውም ያ ሰውዬ?"

"የለውም" አልኩት። "እውነትህን ነው። ሌላ ምንም የለውም።"

ያኔ ቆመ።

"ፌንጣ ማለት አቅቶታል። ውሃ ማለት አቅቶታል። ከተረፈለት ያቺ ጸሎት ብቻ ናት። ውሃ ሲጠማው ከብርሃን ጀምሮ እስከ ውሃ ድረስ ይልና ያቆማል። አንተን ሲፈልግ እስከ 'የሄደውን በሰላም መልስ' ይልና ያቆማል። እነሱ ናቸው የሚጨርሱበት። ዛሬ የት እንዳቆመ ሰምተሃል?"

"ማቆም? እሱ? ሳስነጥስ እንኳ ከአፌ ነጥቆ እስከ አሜን ያደረሰው ሰውዬ?"

"ድሮ አፍ ነበረዋ።"

አንድ ጋሪ የሚገፋ ሰው በመካከላችን አለፈ። ጋሼ ወደ እኔ ተጠጋ። "የት ነው ያቆመው?" አለኝ።

"እኔ አልነግርህም። ነገ መጥተህ ከእሱ ስማ።"

በማግስቱ ሲመጣ አክስቴን ወንበር ላይ አስቀምጫት ነበር። ሴቶቹን፣ አክስቴን አሟታል ብዬ ከበር መልሻቸዋለሁ፤ ለዚህ ውሸት እግዚአብሔር የሚጠይቀኝ ካለው ይጠይቀኝ። ፍሬምና መዶሻ ይዣለሁ።

"አክስቴ፣ እስቲ እነዚህን ያዢልኝ።"

"ምንድን ናቸው?"

"ሚስማር።"

እጇን ዘረጋች። "በእጅሽ አይደለም" አልኳት። "በአፍሽ።"

"አብደሻል?"

"ለአንድ ጸሎት ብቻ። ለወንድምሽ ብለሽ። ከዚያ ሁለተኛ ምንም አልልሽም።"

"ሁለተኛ ምንም?"

"እስከ እሑድ።"

አየችኝ። ከዚያ አልጋውን አየች። አባቴ እሷን እያየ ነበር፤ እንዴት እንደሚያያት አላውቅም፤ እይታው ለእኔ አልነበረም። አፏን ከፈተች። እንደ ሕፃን ልጅ አንድ በአንድ ከንፈሯ መሃል አስገባሁላት። የቀሩትን ለራሴ ያዝኩ።

ጋሼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አባቴ ጀመረ። አሁን አልቸኮለም። ብርሃኑን አለፈ፣ ውሃውን አለፈ፣ እጁን አለፈ። "አፋችንን ከክፉ ቃል ጠብቅ" ሲል ድምፁ ተሰበረ፣ ግን ወጣው። "በአፋችን ያቆሰልነውን አንተ ፈውስ፤ እኛንም ይቅር በለን።"

ቆመ። ጋሼን እያየ።

ማንም አልተቀበለውም። አክስቴ በአፍንጫዋ ስትተነፍስ ይሰማኝ ነበር። ሱቅ ውስጥ አንድ መስታወት በራሱ ጊዜ ጠቅ አለ፤ ሙቀት ሲቀየር እንደዚያ ይላል።

ጋሼ፣ "ለእኔ ነው?" አለ። ለማን እንዳለው እንጃ።

አባቴ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሁሉንም ወጥቶ እዚያው ቆመ። በደህናው እጁ ደረቱን ነካ፤ ከዚያ አፉን። ከዚያ እጁን ወደ ጋሼ ዘረጋ።

ጋሼ እጁን ያዘው። ለረጅም ጊዜ ያዘው። "ሰምቻለሁ፣ አባዬ" አለ። "ገብቶኛል። ግን..." የአባቴን መዳፍ በአውራ ጣቱ ዳበሰ። "አልዋሽህም። ሲመሽ ልጄን ሳስብ ያቺ ቃልህ ናት የምትመጣብኝ። ገና ነኝ። ትንሽ ጊዜ ስጠኝ።"

አባቴ ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እሱም ቢሆን መስታወት ቆራጭ ነው፤ የተሰነጠቀ ነገር በመጫን እንደማይገጥም ያውቃል።

አክስቴ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፏ አወጣችና መዳፏ ላይ ደረደረቻቸው። "ስንቴ ነው ውሃ ሲለኝ አሜን ያልኩት?" አለች።

ጋሼ ሙቅ ውሃና ምላጭ አምጪ አለኝ። የአባቴን ፂም ላጨው። የወረደውን ጉንጭ በሁለት ጣቱ ወደ ላይ እየሳበ፣ መስታወት እንደሚይዝ አድርጎ ይዞት፣ ቀስ ብሎ። ሲጨርስ ፎጣውን አጥፎ፣ "ቅዳሜ እመጣለሁ" አለ። ግንባሩን ስሞት ሄደ።

ያን ዕለት ራት ሳበላው አባቴ ጀመረ። ማንኪያውን አቁሜ ጠበቅኩ። ብርሃኑን፣ ውሃውን አለፈ። ይቅርታውን አለፈ። "የሄደውን በሰላም መልስ" ሲል በሩን ያያል ብዬ ነበር፤ አላየም። "የቀረውን" አለና ቆመ። እኔን ነበር የሚያየው።

ምን እንደሚፈልግ ፈለግኩ፤ ውሃ አለ፣ መጋረጃው ተገልጧል፣ እጁ ደህና ነው። እንደገና ጀመረ። "የቀረውን።" እኔን አየ። የሳቀ መሰለኝ፤ በሚስቀው በአንዱ ጎኑ።

አያቴ "የቀረችውን" አላለም፤ ሴት መሆኔን ሳያውቅ ነው የደረሰው። ግድ የለም። ነበርኩበት ለካ።

ሐሙስ ጠዋት መዝጊያውን ከመክፈቴ በፊት ጀመረ። "ብርሃንን የፈጠርክ ጌታ ሆይ፣ ዛሬም ብርሃንህን" አለና ቆመ። "እሺ፣ እሺ፣ መጣሁ" አልኩ፤ እጄ ስቱኮ ነበረበት፣ ጨርቅ ፈልጌ ጠረግኩ። ሄጄ የመስኮቱን መጋረጃ ገለጥኩለት። ብርሃኑ አልጋው ላይ ወደቀ። ዞሬ፣ "ይበቃል ወይስ ልጨምር?" አልኩት።

አባቴ እዚያ አልነበረም። ዓይኑ ክፍት ነው፤ እሱ ግን የለም።

እዚያ ቃል ላይ ያቆመው እሱ ይሁን፣ ወይስ ነገሩ ቆሞበት እንደሆነ አላውቅም። ይህን አክስቴንም ጠይቄያታለሁ። "ብርሃን አይደል የጠየቀው፣ ሰጥተሽዋል" አለችኝ። ስታለቅስ ስለነበር አልተከራከርኳትም።

ዓርብ ቀበርነው። ጋሼ ከሳጥኑ ራስ በኩል ተሸከመ፤ እንባ አልወጣውም። የቤተክርስቲያን ሰዎች ሲጸልዩ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆሞ ነበር። ሲያልቅ ሹልክ ብሎ ሄደ። እኔም አልተከተልኩትም። ተከትዬ ምን ልለው? የሚቆምበት ቃል የለኝም።

ቅዳሜ ማለዳ የጓሮው በር ተንኳኳ። የሥራ ልብሱን ለብሷል።

"ቅዳሜ እመጣለሁ ብዬው ነበር" አለ።

ከበሩ ዞር አልኩለት። ከዚያ፣ "መዝጊያውን ገና አልከፈትኩም" አልኩት።

ጠረጴዛው ዙሪያ ቆምን። የእሱ መቁረጫ ካስቀመጠበት ተነስቶ አያውቅም፤ አባቴ ብርድ ልብሱን ሲቀይር እንኳ አንስቶ መልሶ እዚያው ያደርገው ነበር። ጋሼ አየው። መዳፉን ከጎኑ አሳረፈ። እኔም የእኔን። ከውጭ ደንበኛ መዝጊያውን በጣቱ ይቆረቁራል።

"ማን ነው የሚለው?" አለ ጋሼ።

"እኔ።"

አክስቴ ከጎኔ ነበረች። እጇን ወደ እኔ ዘረጋች። አልገባኝም። ጣቷን አንቀሳቀሰችብኝ፣ ወደ ሥራ ሣጥኔ። ሚስማር ነው የምትጠይቀኝ። ከሣጥኑ ዘግኜ ሰጠኋት፤ ራሷ በከንፈሯ ያዘቻቸው።

ጀመርኩ። ብርሃኑን፣ ውሃውን፣ ምግቡን፣ እጁን፣ አፉን። ድምፄ የአባቴን አይመስልም፤ ቀጭን ነው። "በአፋችን ያቆሰልነውን አንተ ፈውስ፤ እኛንም ይቅር በለን" አልኩና አቆምኩ።

ጠበቅን። ውጭ ያለው ሰውዬ ደግሞ ቆረቆረ። የጋሼ መዳፍ ብርድ ልብሱን ጨበጠ፣ ለቀቀ፣ ጨበጠ።

"እሺ" አለ።

አባቴ መዶሻ አቀብለኝ ሲለው እንደዚያ ነበር የሚለው። ዝቅ አድርጎ፣ ቀና ሳይል።

"እሺ፣ አባዬ።"

ከዚያ በጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ፊቱን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀብሮ አለቀሰ። አክስቴ እጇን ጀርባው ላይ አደረገች። እንባዋ በሚስማሮቹ ላይ ይወርድ ነበር፤ አንዱም አልወደቀም። ጸሎቱን ከዚያ ወዲያ ማንም አላስኬደውም።

ሄጄ መዝጊያውን ወደ ላይ ገፋሁት። አንድ ሰውዬ የተሰነጠቀ የቤተሰብ ፎቶ በክንዱ አቅፎ ቆሟል፣ ፊቱን አኮሳትሮ።

"ከመቼ ጀምሬ ነው የምቆረቁረው" አለኝ። "እዚህ ቤት ሰው የለም እንዴ?"

አፌ ውስጥ አንድም ሚስማር አልነበረም። ዝም አልኩና ፎቶውን ተቀበልኩት።